ከዳገት መልስ የሚበራ መብራት፦ የናፍጣ ፒክአፕን ብልሽት መንገዱን ተከትሎ መፈለግ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲት በኩል ወደ ወረታ፣ ከወረታም ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዝ ሰው የፎገራን ሜዳ ጨርሶ ወደ ዓለም በር ሲያቀና መኪናው ምን ያህል እንደ ተጨነቀ ከሞተሩ ድምፅ ብቻ ይረዳል። ጭነት የያዘ የናፍጣ ፒክአፕ ከ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ አርባ ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ውስጥ 2,700 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። የማስጠንቀቂያ መብራት ብዙ ጊዜ የሚበራው እንዲህ ባለ ዳገት መካከል፣ ወይም ከዚያ መልስ ከተማ ሲገቡ ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው እንደ መካኒክ ሳይሆን፣ በጣና ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ለሥራ ፒክአፕ ሲነዳ እንደ ኖረ ሰው ነው። ከብዙ ወጪና ስሕተት በኋላ የተረዳሁት ዋና ነገር፣ መብራቱ የሚናገረው የትኛው ልክ እንደ ተዛባ እንጂ የትኛው ዕቃ እንደ ተበላሸ አለመሆኑን ነው። ዕቃውን ለማግኘት መኪናው ከዚያ በፊት ያለፈበትን ዳገት፣ አቧራ፣ ውሃና ቁልቁለት እንደ ማስረጃ መያዝ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ቀለሙ

ቀይ መብራት መቆም እንደሚገባ፣ ቢጫ መብራት ደግሞ በጥንቃቄ እየነዱ ምርመራ ወደሚደረግበት ቦታ መድረስ እንደሚቻል ያመለክታል። ከቀዮቹ መካከል ፈጽሞ ጊዜ የማይሰጠው ጠብታ የሚያንጠባጥብ የዘይት ማሰሮ የሚመስለው የዘይት ግፊት ምልክት ነው። ይህ በጉዞ ላይ ከበራ ዳር ይዞ ሞተሩን በሰከንዶች ውስጥ ማጥፋት ይገባል፤ እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ ያለ ሰው ክራንኩን (በሞተሩ ውስጥ የሚዞረውን ዋና ዘንግ) እና የሚያርፍበትን ብሮንዚን ሊያጣ ይችላል።

ይኸው መብራት ከረጅም ዳገት በኋላ መኪናው ሲቆም፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ላይ ብቻ ብልጭ ድርግም የሚልበት ሁኔታም አለ። ይህ የሚሆነው ዘይቱ አንሶ፣ ወይም በሙቀትና በአገልግሎት ብዛት ቀጥኖ፣ ወይም የውስጥ ክፍሎቹ ተበልተው ሊሆን ስለሚችል በንቀት መታለፍ የለበትም። ሞተሩን አጥፍተው፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ አምስት ደቂቃ ያህል ከጠበቁ በኋላ መለኪያ ዘንጉን አውጥተው ይጥረጉ፤ መልሰው ከተው ሁለተኛ ሲያወጡት የሚያዩት ልክ ትክክለኛው ነው። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ነዳጅ ወደ ዘይቱ እየገባ ስለሆነ ሞተሩን ዳግም አያስነሡ። ልኩ ትክክል ሆኖ መብራቱ ከቀጠለ ግን ዘይት በመጨመር ሊሸፈን አይገባውም። መካኒኩ የግፊት ማሳወቂያውን አውጥቶ በቦታው እውነተኛ የግፊት መለኪያ ይግጠም፤ በቶዮታ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲዞር ግፊቱ ቢያንስ 0.3 ባር ያህል መሆን አለበት።

የባትሪ ምልክት በጉዞ መካከል ከበራ አሽከርካሪዎች የኤሌክትሪክ ጉዳይ ብቻ አድርገው ያዩታል። ነገር ግን በብዙ የናፍጣ ፒክአፖች ላይ ለፍሬን ኃይል የሚሰጠው የቫኩም ፓምፕ (አየር መጣጭ) ባትሪውን ከሚሞላው ዲናሞ ጀርባ የተገጠመ ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሶ ዲናሞው ከቆመ ባትሪው መሞላቱን ከማቆሙ ሌላ፣ የፍሬን ፔዳሉ ከጥቂት መርገጥ በኋላ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ስለዚህ ይህ መብራት ቁልቁለት ላይ ከበራ ማርሹን ዝቅ አድርጎ፣ ፍሬኑን ደጋግሞ ሳይረግጡ በአንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጎ በመያዝ መቆም ይገባል።

ሞተሩን ሳያጠፉ በፊት፣ መኪናውን ሳያሳጥቡ በፊት

ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ያለው ሞተር ከከባድ ዳገት በኋላ፣ የዘይት ግፊት መብራት ካልበራ ወይም እንፋሎት ካልወጣ በቀር፣ ሁለት ደቂቃ ያህል በሚኒሞ መቆየት አለበት። ወዲያው ከጠፋ የቱርቦው ዘንግ ገና ግሎ ሳለ የዘይቱ ዑደት ስለሚቆም፣ በውስጡ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ወደ ጥላሸት ይለወጣል። በእነዚህ ሁለት ደቂቃዎች ዳሽቦርዱን በስልክ ፎቶ ያንሡ፤ መብራቱ ሲበራ በስንተኛ ማርሽና በምን ያህል ፍጥነት ይነዱ እንደ ነበር፣ የሙቀት መለኪያው የት እንደ ነበር፣ ጉልበቱ ቀስ በቀስ ይቀንስ ወይም በአንድ ጊዜ ይጥፋ፣ ከኋላ ምን ዓይነት ጭስ ይወጣ እንደ ነበር ይጻፉ። ይህ ማስታወሻ ማንኛውም መሣሪያ ሊሰጥዎ የማይችለውን መረጃ ይይዛል።

ብዙዎቻችን ከገጠር እንደ ተመለስን ጭቃ ይዘን ወደ ቤት መግባት ስለማንወድ በቀጥታ ወደ መኪና እጥበት እንሄዳለን። መብራት ከበራ ግን ይህን ልማድ ለአንድ ቀን እንዲያቆዩት አጥብቄ እለምናለሁ። የፈሰሰ ናፍጣ አቧራ ላይ የሚተወው እርጥብ ምልክት፣ ከተሰነጠቀ ቱቦ አካባቢ የሚታየው የዘይት ጉም፣ ከራዲያተር የተንጠባጠበው ውሃ ደርቆ የሚተወው ነጭ መስመር ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታጠባል። በኃይል የሚረጨው ውሃ ደግሞ ወደ ሽቦ ማገናኛዎች ገብቶ ከመጀመሪያው ጋር የማይገናኝ ሁለተኛ ብልሽት ሊፈጥር ይችላል።

ከእጥበቱም የከፋው የባትሪን ገመድ ፈትቶ መብራቱን ማጥፋት ነው። አንድ ጊዜ ከእስቴ ስመለስ መኪናዬ ዳገት ላይ ጉልበት አጥቶ ቢጫውን የሞተር ምልክት አበራ። የወሰድኩበት ጋራዥ የባትሪውን ገመድ ፈትቶ መልሶ ሲያስረው መብራቱ ጠፋ፤ እኔም ተሠራልኝ ብዬ ከፍዬ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ ሲበራ በመኪናው ኮምፒውተር ውስጥ የነበረው የመጀመሪያው የብልሽት መዝገብ ስለ ጠፋ ሁሉም ነገር በግምት ሆነ፤ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩት አራቱም ኢንጀክተሮች ወርደው ተፈተሹ፣ ሳምንት ያህልም መኪናው ቆመ። በመጨረሻ የተገኘው ወደ ኢንተርኩለሩ (ከቱርቦው የሚመጣውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው ክፍል) በሚገባው ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ላይ፣ ከማሰሪያው ሥር የተደበቀ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ ነበር። መዝገቡ ሳይጠፋ ተነብቦ ቢሆን ምርመራው ከዚያው ቱቦ በጀመረ ነበር።

ኮዱን ማንበብ

ሞተራቸው በኮምፒውተር የሚመራ ፒክአፖች ከመሪው በታች አሥራ ስድስት ቀዳዳ ያለው ማገናኛ አላቸው። ኢኤልኤም 327 በሚል ስም የሚሸጠው ትንሽ መሣሪያ በዚያ ላይ ተሰክቶ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ሲገናኝ የተመዘገበውን የብልሽት ኮድ ያሳያል። በ‹ፒ› የሚጀምረው ኮድ የሞተርና የማርሽ፣ በ‹ሲ› የሚጀምረው የፍሬንና የእግር ክፍል ነው። ከኮዱ ጋር መብራቱ በበራበት ቅጽበት የነበረውን የሞተር ዙር፣ ፍጥነትና ሙቀት የያዘ ቅጽበታዊ መዝገብ ብዙ ጊዜ ስለሚገኝ፣ እርሱንም ይመልከቱ፤ እኔ ከኮዱ ይልቅ በዚህ መዝገብ ብዙ ተጠቅሜያለሁ። ሁሉንም ጽፈው ወይም ፎቶ አንሥተው ሳይጨርሱ ‹አጥፋ› የሚለውን ቁልፍ አይንኩ። መብራቱ በራሱ ቢጠፋም ኮዱ ውስጥ ተቀምጦ ሊቆይ ስለሚችል፣ ጠፍቷል ብሎ ማንበቡን መተው አይገባም።

መሣሪያው ለማይናገራቸው የቆዩ ቶዮታዎች በማገናኛው ላይ 4ኛውንና 13ኛውን ቀዳዳ በሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ሲከፍቱ መብራቱ በብልጭታ ቁጥር የሚቆጥርበት መንገድ አለ። ይሁን እንጂ 16ኛው ቀዳዳ ቀጥታ የባትሪ ኃይል ስላለው፣ ቁጥሩን በእርግጠኝነት የማይለይ ሰው ይህን ባይሞክር ይሻላል። 3ኤል እና 5ኤል የተባሉት አሮጌ የሃይሉክስ ሞተሮች ደግሞ ፖምፓቸው (ናፍጣ የሚገፋው ፓምፕ) ሜካኒካል ስለሆነ የሚነበብ ኮድ የላቸውም፤ ለእነርሱ ምርመራው በዓይን፣ በጆሮና በእጅ ነው።

ሙቀት፦ የራዲያተር ክዳን በዚህ ከፍታ

በጣና ዳርቻ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የናፍጣ ሞተር በጤናው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይሠራል። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ በዚህ ከፍታ ላይ ግፊት የማይዝ ሞተር በተለመደው የሥራ ሙቀቱ ላይ ሳለ ሊፈላ ይችላል። ይህን የሚከለክለው ራዲያተሩ ላይ ያለው ክዳን ነው። 1.1 ተብሎ የተጻፈበት ጤናማ ክዳን በውስጡ ግፊት ስለሚይዝ፣ በባሕር ዳር ከፍታ ላይ የውሃውን የመፍያ ነጥብ ወደ 118 ዲግሪ አካባቢ ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን በዳገቱ አጋማሽ ላይ ውሃውን ወደ ውጭ ይለቅቃል፤ ሰዎችም ፓምፑን፣ ቴርሞስታቱን፣ አልፎ አልፎም ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) እስከ ማውረድ ይደርሳሉ።

ስለዚህ ቀዩ የሙቀት መብራት ከዳገት በኋላ ከበራ ምርመራውን በርካሹ ዕቃ ይጀምሩ። ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ፣ ማለትም ጧት፣ ክዳኑን ከፍተው ላስቲኩ ላይ ስንጥቅ ወይም ጉድጓድ መኖሩን ይመልከቱ፤ ስፕሪንጉን በአውራ ጣት ሲጫኑት ጠንክሮ መመለስ አለበት። ተጠባባቂው የውሃ ዕቃ ከዳገት በኋላ ሞልቶ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃው ወደ ራዲያተሩ ካልተመለሰ፣ ወይም የላይኛው ማኒኮቶ ሲቀዘቅዝ እንደ ተጠባ ቱቦ ከተጣበቀ ክዳኑ ሥራውን አቁሟል። ሲቀይሩ በላዩ ያለው ቁጥር ከመኪናው መጽሐፍ ጋር አንድ ይሁን።

ቀጥሎ የራዲያተሩን ፊት ይመልከቱ። የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው በፎገራ ሜዳ ላይ ውሃ በሚተኛበት ክረምት ጭቃው፣ እህል በሚሰበሰብበት ወቅት ደግሞ ገለባው በአየር ማቀዝቀዣው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መካከል ገብቶ ከፊት ለሚያይ ሰው ሳይታይ ይጠቀጠቃል። ማጽዳት ያለበት ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ግፊቱ አነስተኛ በሆነ ውሃ ነው፤ ከፊት በኃይል መርጨት ቆሻሻውን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ቀጫጭን ክንፎቹንም ያጣምማል። ማራገቢያውን ደግሞ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጅ ያዙሩት፤ ጠንከር ብሎ የሚቃወም ከሆነ ደኅና ነው፣ በነጻነት ብዙ ዙር የሚዞር ከሆነ በማራገቢያው ክላች ውስጥ ያለው ፈሳሽ ፈስሷል ማለት ነው።

የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) መቃጠሉን የሚያሳዩት ምልክቶች የተለዩ ናቸው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በተነሣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ማኒኮቶ ከጠነከረ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ገና ከመነሻው አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ፣ ወይም ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ያ መኪና ተጎትቶ ወደ ጋራዥ መሄድ እንጂ መነዳት የለበትም።

ሙቀቱ ገና ሲወጣ፣ ቀዩ መብራት ሳይበራ፣ የአየር ማቀዝቀዣውን አጥፍተው ማሞቂያውን ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ፤ ለተሳፋሪ ባይመችም ከሞተሩ ሙቀት ጥቂት ይወስዳል። እንፋሎት ከወጣ ግን አጥፍተው ይጠብቁ። ክዳኑን ቢያንስ አርባ ደቂቃ አይንኩ፤ በጋለ ሞተር ውስጥም ቀዝቃዛ ውሃ አይጨምሩ፣ ብረቱ ይሰነጠቃል። በአገራችን በረዶ ስለማይጋገር የራዲያተር ፈሳሽ አያስፈልግም የሚል አስተሳሰብ በብዙ አሽከርካሪዎች ዘንድ አለ። ፈሳሹ የመፍያ ነጥቡን ከፍ ለማድረግና ዝገትን ለመከላከል ጭምር የተሠራ በመሆኑ፣ ከንጹሕ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅሎ መጠቀም ለእኛ ዳገትም ተገቢ ነው።

ቢጫ መብራትና የጠፋ ጉልበት

ሞተሩ ዳገት ላይ በድንገት ከዝግ ፍጥነት በላይ አልሄድ ሲል ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለመጠበቅ ጉልበቱን ቀንሶታል። እዚህ ላይ ጭሱ መንገድ ይመራል። ጥቁር ጭስ ከወጣ ነዳጅ አለ፣ አየር አንሷል፤ ጭስ ሳይኖር ጉልበት ብቻ ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ያነሰው ነዳጁ ነው።

በባሕር ዳር የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ያህል ነው፤ ከደብረ ታቦር አልፎ ወደ ጉና ተራራ ሲወጣ ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ቱርቦው ይህን ለማካካስ በኃይል ስለሚሠራ፣ ሜዳ ላይ ምልክት የማይሰጥ ትንሽ ስንጥቅ ዳገት ላይ ፒ0299 የሚለውን የቱርቦ ግፊት ማነስ ኮድ ያስመዘግባል። ይህ ኮድ ሲታይ ቱርቦ ከመግዛት በፊት ከአየር ፊልትሮው እስከ ሞተሩ መግቢያ ያለውን መንገድ በእጅ ይዳስሱ። ወደ ቀበሌዎቹ በሚገቡት የጠጠር መንገዶች በበጋ የሚነዳ ሰው ፊልትሮውን መጽሐፉ ከሚለው ቀድሞ መቀየር አለበት። ከፊልትሮው በኋላ ባለው ቱቦ ውስጥ ጣትዎን አስገብተው አቧራ ካገኙ፣ ፊልትሮው በሚገባ አልገጠመም፣ አቧራውም ወደ ቱርቦው እየገባ ነው። ቀጥሎ የኢንተርኩለሩን ማኒኮቶዎች በማሰሪያዎቻቸው ሥር ጭምር ይመልከቱ፤ አንድ ሰው ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ ሌላው የሳሙና ውሃ ቢረጭ አረፋው ቀዳዳውን ያሳያል። ወደ ቱርቦው መቆጣጠሪያ የሚሄዱት ቀጫጭን የቫኩም ቱቦዎችም በሙቀት ስለሚደርቁ ጫፋቸውን ይፈትሹ።

ፒ0087 የሚለው ኮድ የነዳጅ ግፊት ማነስ ነው። እዚህም ከሰልባትዮው (ከነዳጅ ማጠራቀሚያው) ወደ ሞተሩ በቅደም ተከተል መሄድ ይገባል። በመጨረሻ ናፍጣ የቀዱት ከየት ነበር? በጀሪካን ወይም በበርሜል ከተቀመጠ ነዳጅ ከቀዱ ውሃና ዝቃጭ መጠርጠር አለበት። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ሁለት ዙር ያህል አላልተው፣ ከላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እየተጫኑ በንጹሕ ብርጭቆ ወይም በሚያሳይ ጠርሙስ ይቀበሉ። ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀመጥ ውሃው ከታች፣ ናፍጣው ከላይ ይለያል። ንጹሕ ናፍጣ እስኪወጣ አፍስሰው ማፍሰሻውን በእጅ ኃይል ብቻ ያጥብቁ፣ ከዚያም ፓምፑ እስኪጠነክር ይጫኑ። ይህ ካልፈታው ፊልትሮውን ይቀይሩ፤ ቀጥሎ በሰልባትዮው ውስጥ ያለው የመምጠጫ ወንፊት፣ ከዚያ በፖምፓው ላይ ያለው የመምጠጫ መቆጣጠሪያ ቫልቭ፣ በመጨረሻም ከኢንጀክተሮቹ ተርፎ የሚመለሰው ናፍጣ መጠን ይፈተሻል። ፖምፓውና ኢንጀክተሮቹ ውድ ስለሆኑ ተራቸው የመጨረሻ ነው።

አንድ ነገር በጽኑ አሳስባለሁ። በእነዚህ አዳዲስ ሞተሮች ውስጥ ወደ ኢንጀክተር የሚሄደው ናፍጣ ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል። እንደ ድሮው ሞተር እየዞረ ቱቦ አላልቶ ‹አየር ማስወጣት› ቆዳን በስቶ ወደ ሥጋ የሚገባ ጉዳት ያስከትላል፤ ናፍጣ የሚያፈስ ቦታ የሚፈለገውም በእጅ ሳይሆን በካርቶን ቁራጭ ነው።

ከውሃና ከቁልቁለት በኋላ

ጎርፍ የተኛበትን መንገድ አቋርጠው የኤቢኤስ መብራት ከበራ ብዙውን ጊዜ በጎማው አጠገብ ያለው የፍጥነት መቁጠሪያ በጭቃ ተሸፍኗል፤ ወይም ሽቦው በድንጋይ ተመትቷል። ዋናው ፍሬን ይሠራል፣ ነገር ግን ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ክፍል አይሠራም።

ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከሺህ ሜትር በላይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የሚበራው ቀዩ የፍሬን መብራት ግን ሌላ ነው። የእጅ ፍሬኑ መለቀቁን ካረጋገጡ፣ የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ይመልከቱ። የፍሬን ሸራዎቹ ሲያልቁ ዘይቱ ወደ ጎማዎቹ ስለሚወርድ በዕቃው ውስጥ ያለው ልክ ዝቅ ይላል፤ መኪናው ሲያዘነብል ደግሞ መብራቱ ይበራል። ስለዚህ ዘይት ጨምሮ መሄድ ሳይሆን የሸራውን ውፍረት ማየት ይገባል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከሆነ ዘይቱ ፈልቷልና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ማብረድ፣ ቀሪውን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ መውረድ፣ ሲደርሱም የፍሬን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ መቀየር ያስፈልጋል።

ጥገናውን በዚያው መንገድ መፈተን

የተጠገነ መኪና ከተማ ውስጥ ሁለት ዙር ስለ ተነዳ ብቻ ድኗል አይባልም። ኮዱን ካጠፉ በኋላ መብራቱ የበራበትን ዓይነት ዳገት፣ በተመሳሳይ ጭነትና በተመሳሳይ ማርሽ ይውጡ፤ ከጎንዎ የተቀመጠው ሰው የሙቀቱን፣ የቱርቦውንና የነዳጁን ግፊት ከስልኩ ላይ በየጊዜው እያነበበ ይጻፍ። ጋራዥ የሚወስዱት ከሆነም ይህን ወረቀት፣ የዳሽቦርዱን ፎቶ፣ የኮዱንና የቅጽበታዊ መዝገቡን ቅጂ ይዘው ይሂዱ፤ ለመካኒኩም የፈተሹትንና ያልፈተሹትን በግልጽ ይንገሩት። ማንኛውም ዕቃ ከመቀየሩ በፊት በየትኛው ልኬት ተመርኩዞ እንደ ተወሰነ ይጠይቁ፤ የወረደውንም አሮጌ ዕቃ ተቀብለው ያስቀምጡ፣ መብራቱ ተመልሶ ከበራ ከአዲሱ ጋር የሚነጻጸረው እርሱ ነውና።